ቱርቦውን እምቢ ያለችው ሳሊሃ

ያ ታኅሣሥ ብርዱ ሌላ ነበር። ደሴ መቼም ብርድ አታጣም፤ የዚያ ዓመቱ ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት የጦሳ ተራራ ጭጋጉን እስኪያራግፍ ድረስ የሰፈራችን የሆጤ ቆርቆሮ ሁሉ ውርጭ አድሮበት እንደ ጨው ይነጣል፤ ፀሐይ ስትነካው ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ ከደጄ ቆሜ ያቺን ፀሐይ የምጠብቃት ነገር ዛሬም ትዝ ይለኛል። ደስታ አይሉት፣ ሐዘን አይሉት፤ ብቻ ልጅነት ልጅነት ይለኝ ነበር። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። ሳሊሃ ከኮምቦልቻ ዕቃዋን ጭና ወንድሟ ቤት የገባችው በዚያ ብርድ ነው።

ዕቃ ስል አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና ሁለት ሰው የሚያነሳው የመፍቻ ሳጥን።

እናቷን ሳሚያን አውቃት ነበር፤ ነፍሷን ይማር። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሷ ስታስል እኔ እነቃ ነበር። ሳሚያ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን ከሰኞ ገበያ ስትመለስ የዘጠኝ ዓመቷ ሳሊሃ የስፌት መኪናውን በታትና ሰሌን ላይ ደርድራዋለች። ሳሚያ ጮኸች፤ ሰው የሞተ መስሎኝ ሮጥኩ። ልጅቱ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቆይ እማ፣ ውስጡ የሚያቃስተውን ነገር እየፈለግኩት ነው» አለች። ሳይመሽ ገጠመችው። ማቃሰቱን ትቶ መስፋት ጀመረ። እኔ ያን ቀን ነው ይቺ ልጅ አትቻልም ያልኩት።

አድጋ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባች። አሥራ አራት ዓመት ስፌት ማሽን ጠጋኝ ሆና ሠራች። ከዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ፒንሳ ኪሷ የምትከት ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ጦርነቱ መጥቶ ከሄደ በኋላ ፋብሪካው እንደ ምንም ተነሳ፤ ግን ሥራው አነሰና ሰው ቀነሱ፤ እሷም ከተቀነሱት ሆነች። ባል አግብታ ነበር፤ አልሆነላትም፤ እሱን እዚህ አላነሳውም። ታላቅ ወንድሟ ሙዓዊያ በእናታቸው ቤት ይኖራል፤ ሰኞ ገበያ ጫማ ይሸጣል። የጓሮ ክፍሉን ሰጣት። ክፉ ሰው አይደለም ሙዓዊያ፤ ግን የሰጠውን ነገር የሚረሳ ሰው አይደለም።

ሳሊሃ ሥራ ፈታ አልተቀመጠችም። በገጠሩ ገበያ ሁሉ ልብስ ሰፊ አለ። የስፌት መኪናቸው ሲበላሽ ጭንቅላቱን ነቅለው፣ በጆንያ ጠቅልለው፣ በአህያ አስፋልት ድረስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ ያመጡታል። እስኪሠራ ሁለት ገበያ ያልፋቸዋል። «እነሱ ወደ እኔ ከሚመጡ እኔ ወደ እነሱ ብሄድስ?» አለችና መፍቻዋን ይዛ በአውቶቡስ ከተማ ለከተማ መዞር ጀመረች። ሥራው ሞላላት። ያልሞላላት ማደሪያ ነው። አንዱ ጋ ብቻዋን ለመጣች ሴት አልጋ የለንም ይሏታል፤ ሌላው ጋ አልጋ ሰጥተው በሩን ሲያንኳኩባት ያነጋሉ። ከላላ ከተማ ላይ አልጋ የነፈጓት ጊዜ አውቶቡስ መናኸሪያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አንግታ መጣች። ዓይኗ ቀልቶ እቤቴ ገባችና፣

«እትየ ሸዋዓለም፣ ሐይቅ ዳር ድሮ ፈረንጆች ይዘውት የሚመጡትን መኪና ያስታውሱታል? አልጋ ያለውን?» አለችኝ።

«አስታውሳለሁ። ልብሳቸውን መኪናው ላይ ያሰጡ የነበሩት?»

«እሱን ነው የምገዛ።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። መንጃ ፈቃድ ፋብሪካ እያለች አውጥታለች፤ ከፋብሪካው የሰጧትና ያጠራቀመችው ገንዘብ አለ። ያለው ሁሉ ግን እሱ ነው፤ ከዚያ ሌላ የለም። መንገዱ ደግሞ ዳገትና ጭቃ ስለሆነ ባለ ፎር ዊል፣ በናፍጣ የሚሄድ መሆን አለበት።

ሙዓዊያ ሲሰማ የያዘውን ጫማ ጣለው።

«ሰው ምን ይላል? የሙዓዊያ እህት መኪና ውስጥ ታድራለች!»

«አግዳሚ ላይ ሳድር ምን አለ?»

«ሱቅ ላከራይሽ። እዚሁ ከኔ አጠገብ ተቀመጪ። ደግሞ የጠየቀሽ ሰው አለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ደህና ሰው።»

«የሱ የስፌት መኪና ተበላሽቶ ከሆነ ልይለት እችላለሁ» አለችው።

ሦስት ቀን ተኳረፉ። በአራተኛው ቀን ሙዓዊያ እኔን ለምስክር ጠርቶ እንዲህ አላት፦ «ግዢ። ግን ያ ሞተር ዓመት ሳይሞላው ከቆመ አንቺም ቆምሽ። ሱቄ ውስጥ ተቀምጠሽ ጫማ ትሸጫለሽ፤ ያልኩሽንም ሰው ታገቢያለሽ።»

«ወላሂ፣ ከቆመ እቀመጣለሁ» አለች። በአላህ ስም ማለች! እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይማልም። ብረት እኮ ነው፤ ብረት ምን ያውቃል።

የሚሸጡ ሁለት መኪኖች ተገኙ። አንደኛው ኮምቦልቻ ነው፤ ደላላው ኑርሁሴን ይባላል። እኔ ለዓይኔ ሐኪም ቤት ወርጄ ስለነበር፣ ስመለስ ለሙከራ ሲነዱት እኔንም ይዘውኝ ወጡ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ባለ ስፖንጅ አልጋ፣ መጋረጃ፣ የእጅ መታጠቢያ ሳይቀር ያለው። ቱሪስት ሲያመላልስ የነበረ ነው አሉ። ሞተሩ ቱርቦ አለው። ቱርቦ ማለት፣ እንደገባኝ፣ በራሱ በሞተሩ ጭስ የምትሽከረከር ማራገቢያ ናት፤ ለሞተሩ ትንፋሽ ትጨምርለታለች።

የሀረጎን ዳገት ስንወጣ ጭነት መኪናውን ሁሉ እየዘለለ አለፈው። ከፊት የተቀመጠው ሙዓዊያ እንደ ሕፃን ይስቃል።

«ኧረግ! ይሄ መኪና አይደለም፣ ቡራቅ ነው!»

«አስተግፊሩላህ በል፤ ነቢዩ ወደ ሰማይ የወጡበትን ከብረት ታስተካክላለህ?» ትለዋለች ሳሊሃ ከኋላ።

ኑርሁሴን፣ «እናቴ፣ ሀረጎን እንዲህ ወጥተው ያውቃሉ?» ብሎ ወደ እኔ ዞሮ ይነዳል።

«ፊትህን ወደ መንገዱ አድርግ ልጄ፤ ገደሉ ሽያጭ አያውቅም» አልኩት።

ዳገቱን ስንጨርስ የቀትሩ የዙሁር አዛን አለ። መንገድ ዳር ትንሽ መስጊድ አለች። ኑርሁሴን ጥግ ያዘ፣ ቁልፉን ቀጭ አደረገና ወርዶ ሄደ፤ ሙዓዊያም ተከተለው። ሳሊሃ ግን ወዲያው አልወረደችም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሆነች ቀጭን ነገር ፉጨት አሰማችና ቀጥ አለች። እኔም ሰማኋት፤ ግን ምን አውቄ። ሶላቱ አልቆ ሲያስነሳው ከኋላ እፍኝ የማትሞላ ሰማያዊ ጭስ ወጣች።

«ጭሱን አዩት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሙዓዊያ ሰምቷት፣ «ጭስ የሌለው ናፍጣ የት አለ? አንቺ ፊትሽን ካላጠቆርሽ ዕቃ የገዛሽ አይመስልሽም» አላት።

ሁለተኛው እዚሁ ሆጤ ነው፤ የገበየሁ። ገበየሁ የውሃ ቁፋሮ ፕሮጀክት ሹፌር ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ በጨረታ የገዛው መኪና ነው፤ ጭቃ የመሰለ ቀለም፣ ከኋላ ሠራተኛ የሚያድርበት የጣውላ አልጋ፣ መጋረጃ የሚባል የለው። ሞተሩ የድሮ ናፍጣ ነው፤ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ሁሉ ነገሩ በፖምፓና በብረት የሚሠራ። ጠዋት ሄድን፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ሳሊሃ ዞር ብላ ኮፈኑ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ጋሽ ገበየሁ፣ ዛሬ ማን ቀድሞኝ መጣ?»

«ማንም አልመጣ።»

«ታዲያ ይሄ ብረት በዚህ ውርጭ ማን አቅፎት አደረ?»

ገበየሁ ፈገግ አለ፤ ትንሽ አፈረ። «አንቺ ልጅ! እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል አይደል? ትንሽ አሙቄው ነው።»

«ነገ ሱብሂ ሰግጄ እመጣለሁ። እንዳይነኩት።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሄድን። ሙዓዊያም ለመሳቅ ብሎ መጣ። ገበየሁ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። ደገመው። ሠለሰው። በመጨረሻ ሲነሳ ነጭ ጭስ ሰፈሩን ዋጠው። አንዲት ሴት ከመስኮት ብቅ ብላ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» አለች። ሙዓዊያ እያሳለው ይስቃል።

«በቃ! ዓመት አልኩ? ሳምንት አይሞላውም። ነጩን ግዢ፤ ከጫማዬም እጨምርልሻለሁ።»

ደግነቱ እውነት ነበር፤ ያ ነው የባሰው። ሳሊሃ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፈተችና መዳፏን በላዩ ዘረጋች። ያለቀለት ሞተር በዚያ ጭስ ይተፋል አሉ፤ ይሄ ምንም አልተፋም። ጭሱም ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጠራ። አጠፋችው። ጠዋት ሞተሩን የሚያሞቁ ጣት የሚያህሉ ብረቶች አሉ፤ ካንዴላ ይሏቸዋል። ከሳጥኗ ሽቦና ትንሽ አምፖል አወጣችና አራቱንም አንድ በአንድ ነካካች። ሁለቱ አምፖሉን አበሩት፤ ሁለቱ አላበሩትም።

«ሁለቱ ሞተዋል፤ ጭሱ ከነሱ ነው» አለች።

«ሁሉም እስኪሞቱ ትጠብቂያለሽ?» አላት ወንድሟ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ እኔም ነጩን ግዢ ባይ ነበርኩ። ሴት ልጅ የምታድርበት ነገር ትንሽ ማማር አለበት ብዬ ነው። ስታድር ብርድ እንዳይገባት ብዬ ነው። ነገርኳትም። እጄን ይዛ፣ «ቆይ እትየ፣ አልወሰንኩም» አለችኝ።

ኮምቦልቻ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ሽማግሌ መካኒክ አለ። ፋብሪካ እያለች ታውቀዋለች። ወርዳ ጠየቀችው። የነገረችኝን ነው የምጽፈው።

«ሁለቱም ሞተር ናቸው፤ አንዱም ጠላትሽ አይደለም» አላት። «አዲሱ ጉልበት አለው፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ጥያቄው ማን ነዳው የሚለው ነው። ቱርቦ ዳገት ሲጨርስ እንደ ፍም ግሎ ነው። ሳይጠፋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ በቀስታ መሥራት አለበት፤ ዘይቱ እየዞረ እንዲያበርደው። ባንዴ ካጠፉት ዘይቱ እዚያው ያርራል። አሁን አንቺ ንገሪኝ፤ በዚህ አገር ቆሞ ናፍጣ የሚያቃጥል ሹፌር አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አርባ ዓመት ሠርቼ አላየሁም። ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ፣ ዳገቱን እየጮኹ መውጣት፣ ደረሱ ሲባል ቀጭ! ሞተር ሥራ ፈቶ ሲነድ ማየት ያመናል። ለድሮው ሞተር ይሄ ምንም አይደለም፣ ይችለዋል። ለቱርቦ ግን መርዝ ነው።»

ያኔ ኑርሁሴን አዛን ሲሰማ ሞተሩን ቀጭ ማድረጉ ትዝ አላት። እሱ ምን አደረገ? እኛ ሁላችን የምናደርገውን። አባቶቻችን ፋኖስ እንደሚያጠፉት ነው ሞተር የምናጠፋው።

በማግስቱ የነጩን መኪና የአየር ቱቦ ፍቱልኝ አለች። ኑርሁሴን ተቆጣ።

«ሴትዮ፣ መኪና ልትገዢ ነው ወይስ ሬሳ ልትገንዢ? አሥር ሰው ወረፋ ይዞበታል!»

«አሥሩን ጥራቸው፤ እነሱም ይዩ።»

ሙዓዊያ፣ «ተይ አታዋርጂኝ» ይላል። እሷ ግን ጠመንጃ መፍቻዋን አውጥታ የቱቦውን ማሰሪያ አላላች። ኑርሁሴን ሊከለክላት ነበር፤ ግን ሰው ተሰብስቧል፤ ከልክሎ ቢያባርራት ሰው ምን ይላል? ቱቦው ወጣ። ጣቷን ከትታ ያችን ማራገቢያ ወዲያ ወዲህ አለቻት፤ ተንገጫገጨች። ጣቷ በዘይት ጠቁሮ ወጣ። ጣቷን ለወንድሟ አሳየችው።

ኑርሁሴን ላቡን ጠርጎ፣ «ይሄማ የሁሉም ነው! በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ቱርቦ ሁሉ እንዲህ ነው!» አለ።

«አዎ፣ የሁሉም ነው» አለችው። «ለዚህ ነው የማልገዛው።»

«ቱርቦው ይቀየራል» አለ ሙዓዊያ።

«ይቀየራል። እኔስ እቀየራለሁ? የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ናፍጣ በከንቱ ሲነድ ከሰማሁ እጄ ራሱ ሄዶ ያጠፋዋል። ወግዲ ገበያ ላይ ሲቆምብኝ ደግሞ ማን ያነሳልኛል? ፋብሪካ ውስጥ ባለ ኮምፒውተሮቹ ማሽኖች መብራት በጨመረ ቁጥር ካርዳቸው እየነደደ ወራት ዕቃ ሲጠብቁ፣ አሮጌዎቹን በአንድ መፍቻና በዘይት አስነሳኋቸው። በእጄ የማልፈታው ነገር ውስጥ አልተኛም።»

እንዲህ ብላ የተሰበሰበው ሰው ፊት እጇን በጨርቅ ጠረገች። ሙዓዊያ ፊቱ ተለዋወጠ። «ያቺን ጭሳም ከገዛሽ ስም ስታዛውሪ አልመጣም» አላት። አልመጣምም። ሊብሬው ስሟ ላይ ሲዞር ምስክር ሆኜ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

አራቱንም ካንዴላ ቀየረች። በማግስቱ ጠዋት ውርጩ እንዳለ ነበር፤ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አዳመጥኩ። ቁልፉን ስታዞር ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተነሳ። የሙዓዊያ መስኮትም ሲከፈት ሰማሁ፤ ወዲያው ተዘጋ።

ያ መኪና ግን አይፈጥንም፤ ልዋሽ አልችልም። ሀረጎን ስትወጣ የጭነት መኪና ሹፌሮች እያለፏት ጡሩንባ ይነፉባታል። አንዱ መስኮቱን አውርዶ፣ «እህት፣ ወርደሽ ብትገፊው ይሻልሻል!» አላት። «አንተ ቶሎ ድረስ፤ ጋራዡ ይዘጋብሃል!» አለችው። ጩኸቱ ያደነቁራል፤ ከመቀመጫው ሥር ሙቀት ይወጣል። አልጋዋን ራሷ ሠራች፤ ጣውላው ላይ የእናቷን ፍራሽ ቆርጣ፣ መጋረጃም ሰፍታ። በሩን ከውስጥ የሚቆልፍ ሁለት መወርወሪያ ብረት አስበየደችበት።

ማክሰኞ አንድ ገበያ፣ ሐሙስ ሌላ ገበያ፣ እንዲህ ትዞራለች። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ከደረሰችበት ትቆማለች፤ ሲከፈት ትቀጥላለች። ልብስ ሰፊዎቹ ግቢያቸውን ይሰጧታል። መጀመሪያ አካባቢ የሚያሙ ነበሩ፤ መኪና ውስጥ የምታድር ሴት ምን ሴት ናት እያሉ። አንዱ መምህር ነኝ ባይ ፊት ለፊት ጠየቃት አሉ። «አልጋ ስትነፍጉኝ ዝም ብላችሁ፣ አልጋዬን ይዤ ስመጣ ትጠይቁኛላችሁ?» ብላ አባረረችው።

ክረምት ላይ ደጎሎ አካባቢ የናፍጣ ቱቦው ተሰንጥቆ ቆመባት። ሙዓዊያ በስልክ ሰምቶ እቤቴ እየሮጠ መጣ። «ቆመ! ቆመ አላልኩም?» ይላል፤ ግን ፊቱ ደስ ያለው ሰው ፊት አይደለም። ተቀምጦ ሻይ እንኳ አልጠጣም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለች፤ ቱቦውን በልብስ ስፌት ማሽን ጎማ ጠቅልላ በሽቦ አስራ እየነዳች ነው። «በራሴ እጅ መልሶ ከተነሳ አልቆመም ማለት ነው፤ እትየ ሸዋዓለም ይፍረዱ» አለች። ፈረድኩ። አልቆመም አልኩ። ሙዓዊያ አየኝና፣ «አንቱም ከሷ ጋር ነዎት» ብሎ ወጣ። አዎ፣ ከሷ ጋር ነኝ። ካየሁት በኋላ ማን ጋ ልሁን?

ብርዱ ተመልሶ መጣ፤ መኪናውን ከገዛችው ዓመት ሞላ። ያን ጠዋት ሙዓዊያ ሁለት ሸካሚ ጠርቶ የጫማ ካርቶን ያስጭናል። ወዴት ነው ስለው የጓሮ ክፍሉን ከፍቶ እስከ ጣሪያው ሞላው።

«የልጅቱ ክፍል አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ምን ታደርግበታለች?» አለ። «ቤት አላት አይደል።» ዞሮ ካርቶኑን ማስተካከል ቀጠለ። ሚስቱ የሞተችበትንም ሰው ከዚያ ወዲህ አላነሳውም፤ ሰውየው ሌላ አግብቷል አሉ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በጥር ነው፤ ዘይት ልትቀይር መጥታ ሁለት ቀን ቆየች። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ስትደውል ወረኢሉ ናት፤ ጁነይድ የሚባል ልብስ ሰፊ ግቢ ውስጥ መኪናዋን አቁማ የስምንት ሰው የስፌት መኪና እየሠራች ነው። ከዚያ ወደ መካነ ሰላም አልፋለሁ ብላለች።